ሙት ስላስነሣው የገጠመኝ አጻጻፍ መመሪያዎ

ለተከበሩ የትምህርት ጥራት ክትትል ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው ወደ ክፍላችን ብቅ ባሉ ጊዜ የልጆቹ ዴስክ አጥሮብዎ ሲቸገሩ አይቼ የራሴን ወንበር ለቅቄልዎት ነበርና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ወገብዎ ሳያሳስበኝ ውሎ አያውቅም። ቤተሰብዎ በሙሉ፣ በተለይም እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ ደኅና እንዲሆኑልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎት፤ የእናት ጤና በእርስዎ ክፍል ምን ያህል ከፍ ያለ ግምት እንደሚሰጠው በቅርቡ በዓይኔ ስላየሁ ነው።

እኔ የአራተኛ ክፍል «ለ» የቋንቋ መምህር ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። በዚሁ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ለጸሐፊዎ ማመልከቻ አስገብቼ ሁለቱንም ጊዜ «ይጠብቁ» ተብያለሁ። እኔ መጠበቅ አያቅተኝም፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት የደረጃ እድገት ምስክሬ ነው። ጉዳዩ ግን የፊታችን ዓርብ ስለሚደርስ፣ ያየም የሰማም ያንብበው ብዬ ደብዳቤዬን በግልጽ አደረግሁት። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቢሮዎ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ የሰቀሉትን የአንዲት ተማሪዬን ጽሑፍ አውርደው ለአባቷ ይስጡልኝ። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነውና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መመሪያው።

መመሪያዎ ከመድረሱ በፊት በድንቁርና ስናስተምር መኖራችንን ሳልደብቅ ልናዘዝ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ገጠመኝ ጻፍ ሲባል ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ባያዩትም እኔ አይቻለሁ። «እኔ ተማሪ ነኝ። ትምህርት እወዳለሁ። ቤተሰቤንም እወዳለሁ» ብሎ ይጽፍና እስክሪብቶውን ነክሶ ጣራ ጣራ ያያል። ስለዚህ እኔ ያልተማርኩት ሰው አንድ ዘዴ አበጅቼ ነበር። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ማንም ደብተር አያወጣም። እያንዳንዱ ልጅ አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው በእውነት የደረሰበትን አንድ ነገር ይነግረዋል። የክረምቱን ዕረፍት በሙሉ አይደለም፤ ጥርሱን ሊነቀል አፉን ከከፈተበት እስከዘጋበት ያለችውን ያህል ትንሽ ነገር ብቻ ነው። የሚሰማው ልጅ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይፈቀድለታል፤ «ከዚያስ?»፣ «ምን አየህ?»፣ «ማን ምን አለ?»። የሚጽፉት በማግሥቱ ነው። ሕጉም አንድ ነው፤ ያላየኸውን አትጻፍ፣ ያየኸውን አትዝለል።

በዚህ ኋላ ቀር ዘዴ አንዱ ተማሪዬ አባቱ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ የገባ ቀን ሕፃን ወንድሙ አላውቀውም ብሎ እንዴት እንዳለቀሰ ጻፈልኝ። በመጨረሻው መስመር ላይ «እኔም ላለቅስ ነበር፤ ግን ትልቅ ነኝ» ይላል። ማጠቃለያ እንደሌለው፣ ምንም ዓይነት ትምህርትም እንደማይሰጥ ዛሬ ገብቶኛል። ያኔ ግን በመምህራን ክፍል ለሁሉም እየዞርኩ አነበብኩት፤ የሒሳብ መምህሯ ሻይዋ ትን አላት።

ከዚያ የእርስዎ መመሪያ መጣ። አሥራ አራት ገጽ ነው፤ አምስት ሳጥኖችም አሉት። መግቢያ፣ ዕለቱ፣ ችግሩ፣ መፍትሔው፣ ከዚህ ቀን የተማርኩት። በየሳጥኑ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ በጠቅላላው ቢያንስ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገርና አምስት ስሜት ገላጭ ቃላት፣ መጨረሻውም «የግድ ብሩህ» እንዲሆን ታዟል። ልጆች ታዛዦች ናቸውና አንዷ ስለ ጥርሷ ስትጽፍ «ሐኪሙ ጥርሴን ነቀለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ደም ፈሰሰኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ሁለቱንም ምሳሌ በአንድ ትንፋሽ ከፈለችልዎ። በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል «ጋሼ ማጠቃለያ» የሚል የፍቅር ስም እንደወጣልዎት የሰሙ አይመስለኝም። ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ አጎታችን።

በመመሪያው ገጽ ዘጠኝ ላይ የሰፈረው ናሙና እጅግ ማራኪ ነው። ልጁ ከአጎቱ ጋር ወደ ሐይቅ ይሄዳል፣ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ የአጎቱን ባርኔጣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ልጁ በብልሃቱ ያወጣዋል፣ በመጨረሻም መተባበርን ይማራል። እርስዎ ለምዘና ከመምጣትዎ በፊት ባለው ሳምንት ለሙከራ አጽፌያቸው ነበር። በክፍሌ ካሉት አርባ ሰባት ተማሪዎች አርባ ሦስቱ ከአጎታቸው ጋር ሐይቅ ሄደው ተገኙ። አርባ ሦስት ባርኔጣ በነፋስ ተወሰደ፤ አርባ ሦስቱም በብልሃት ወጣ። ከከተማችን ዳር እስከ ዳር ቢፈለግ ከመኪና ማጠቢያው ኩሬ በቀር ውኃ አይገኝም። አጎት የሚባል ዘመድ የሌለው አንድ ልጅ ምን እንዳደረገ ብጠይቀው «እነሱን ይዟቸው ሲሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ» አለኝ። ካልገለበጡት ከአራቱ ሁለቱ በዕለቱ አልመጡም ነበር። ሦስተኛው መመሪያው ጠፍቶበታል። አራተኛዋ ነች ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጅቷ።

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። እናቷ የሞተችው ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወር ነው። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ የማትዘጋ ወሬኛ ስለሆነች በክፍላችን «ሬዲዮ» ትባላለች። ሰኞ ዕለት ልጅቷ ገጠመኟን በሹክሹክታ ስትነግራት በዴስኮቹ መካከል እያለፍኩ ነበር፤ ሬዲዮ ሦስቱንም ጥያቄ ረስታ አፏን ይዛ ተቀምጣለች። ኋላ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ ብላ «ከዚያስ?» አለቻት። በማግሥቱ ልጅቷ የጻፈችው ይኸውልዎ፤ ከፊደል ግድፈት በቀር አንድ ቃል አልነካሁበትም።

«ሆስፒታሉ ልጅ አያስገባም። ዘበኛው አባቴን “እርስዎ ይግቡ፣ ልጆቹ እኔ ጋ ይቆዩ” አለው። የራሱን በርጩማ ለእኔ ሰጠኝ። ታናሽ እህቴን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። አባቴ “እናታችሁ በመስኮት ብቅ ትላለች፣ ቀና ብላችሁ ጠብቁ” ብሎን ገባ። ቀና አልን። መስኮቶቹ ብዙ ናቸው። ላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ፎጣ ይዛ ቆማለች። እጄን አወዛወዝኩላት። እሷም ፎጣውን አወዛወዘችልኝ። እጄን እስኪደክመኝ አወዛወዝኩ። እሷ አላቆመችም። አባቴ ሲመለስ “እናቴን አየናት፣ ፎጣ ይዛለች” አልኩት። አባቴ እህቴን ከጭኔ ላይ አነሣት። ከዚያ “ጠዋት ክፍል ቀይረዋታል፣ አሁን መስኮቷ በጓሮ በኩል ነው” አለኝ። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም። ከዚያ በኋላ እናቴን አላየኋትም። እኔ ግን እጄን ያወዛወዝኩት ለእናቴ ነው።»

ይኸው ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ደብተር ሳርም ኖሬያለሁ፤ ይህን አንብቤ ስጨርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ የቧንቧው ውኃ ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ። ስመለስ ከግርጌው ቀኑን ብቻ ጻፍኩበት። ሌላ ምን እንደሚጻፍ አላውቅም ነበር። እንኳን እርስዎ ነበሩልን።

አራተኛ፣ ስለ ቀይ እስክሪብቶዎ።

ሐሙስ ዕለት ለምዘና መጥተው በወንበሬ ላይ ተቀምጠው ደብተሮቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ ቆሜ እያየሁዎት ነበር። አርባ ሦስቱን አጎቶች ሲያነቡ ፊትዎ ላይ የነበረው እርካታ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የልጅቷ ደብተር ጋ ሲደርሱ ግን ግንባርዎ ተቋጠረ፤ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፤ «1ኛ. ማጠቃለያ የለውም። 2ኛ. ተማሪዋ ከዕለቱ ያገኘችው ትምህርት አልተገለጸም። 3ኛ. ማንነቷ ያልተረጋገጠ ግለሰብ (ፎጣ የያዘች) ያለ አግባብ ተጠቅሳለች። 4ኛ. የተማሪዎችን መንፈስ ያዳክማል። እናት ድና ወደ ቤት እንደተመለሰች ተደርጎ ይስተካከል። 6/20።»

የዚህን ደብዳቤ ዋና ምስጋና የማቀርበው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞቹ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደም ቢቀዱ፣ ፎቶ ቢያነሡ፣ ክፍል ቢቀያይሩ ያቃታቸውን፣ እርስዎ ያለ አንድ ክኒን በአንድ መስመር ፈጸሙት። «ተደርጎ ይስተካከል» የሚለው ትእዛዝ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አላውቅም ነበር። የጤናው ዘርፍ እንዴት እስካሁን እርስዎን ዝም ብሎ ለትምህርት እንደለቀቀ ይገርመኛል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የቀይ እስክሪብቶ ወለምታስ በምን ይታሽ ይሆን? ልጅቷ በላጲስ ሞክራ ገጹ ተቀዷል።

አምስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። በራሴ ላይ ነው።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ርእሰ መምህራችን ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት ይፈራል። «አንተ ሰው፣ ይቺ ልጅ ስድስት ይዛ ከቀረች የክፍሉ አማካይ ይወርዳል፤ የአንተም የሥራ አፈጻጸም አብሮ ይወርዳል። ምን አለበት፣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው እኮ» አለኝ። እኔም የቤት ኪራዬን፣ የልጆቼን ጫማ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ምደባ አሰብኩ። አሰብኩና ደብተሩን ወስጄ ለልጅቷ መለስኩላት። «ኃላፊው እንዳሉት አስተካክይው» አልኳት። እምቢ ብትለኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። እምቢ አላለችም፤ አራተኛ ክፍል ናት። ጎበዝ ተማሪዎች የሚታዘዙት እንደዚያ ነው።

ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና ማንም እንዳይሰማት ዝቅ ብላ «ቲቸር፣ ስትመጣ ምን ለብሳ ነበር ልበል?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን ጥያቄ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያየሽውን አትዝለዪ፣ ልብሱን፣ ሽታውን፣ ማን ምን እንዳለ ጻፊ እያልኩ ከመስከረም ጀምሮ ስጨቀጭቃት የኖርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያዘዙት ውሸት ነበር፤ ውሸቱን ልብስ ለማልበስ የሚያስፈልገውን እጅ ግን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልንገርዎትና አብረን እንፈር፤ «የምትወጂውን አልብሻት» አልኳት።

አለበሰቻት። ነጭ ቁልፍ ያለው ሰማያዊ ቀሚስ አለበሰቻት። ከታክሲ ስትወርድ አባቷ ክንዷን እንዲይዛት አደረገች። በር ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስትፈታ፣ ታናሽ እህቷ ሮጣ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም፣ እጇ ሳሙና ሳሙና ሲሸት ጻፈች። እናትየዋ «አድገሽ ጠበቅሽኝ» አለቻት። አምስቱ ሳጥኖች ሞሉ። ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገር ገባ። የመጨረሻው መስመር «ከዚህ ቀን የተማርኩት ተስፋ አለመቁረጥን ነው» ይላል። እርስዎም ተመልሶ ሲላክልዎ ሃያ ከሃያ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ልጅቷ የምትነግረው ገጠመኝ የላትም። ሬዲዮ ሦስቱንም ጥያቄ በየሳምንቱ ትጠይቃታለች፤ መልሷ አንድ ነው፤ «ምንም አልሆነም።» በእርስዎ መመሪያ አቆጣጠር ይህቺ ልጅ የክፍሌ አንደኛ ናት፤ በእኔ አቆጣጠር ደግሞ ከእጄ የወጣች ተማሪ ናት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት። ጅቡ ክፍሌ ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጭራዬን ስቆላ ነበር። አሁን ልጩህበት።

ስድስተኛ፣ ስለ ግድግዳው።

ከከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የተመረጡ አሥር ጽሑፎች በቢሮዎ መተላለፊያ ላይ «ምርጥ እውነተኛ ገጠመኞች» በሚል ርእስ ሲሰቀሉ የልጅቷ ጽሑፍ መካከል ላይ፣ የክብር ቦታ ላይ ዋለ። «እውነተኛ» የሚለው ቃል በወርቅማ ቀለም መጻፉን አይቼ አድንቄአለሁ። ለአባቷ ማንም አልነገረውም፤ እኔም ፈርቼ አልነገርኩትም። አባቷ መካኒክ ነው። አንድ ቀን መኪናውን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ፣ ለጉዳይ ቢሮዎ ቆሞ ሳለ ግድግዳውን አንብቦ ኖሮ፣ ከመኪናው ሥር የተዘረጋውን ሰውዬ ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ባለቤትህ ድናልህ የለ እንዴ፤ ልጅህ የጻፈችውን አነበብኩ» አለው። ደንበኛው በቅንነት ነው። አባትየው ከመኪናው ሥር እስኪወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀ ብሎ እዚያው የሚሠራው ቀለም ቀቢ ጓደኛው ነግሮኛል።

በማግሥቱ እጁን በቤንዚን ታጥቦ፣ ንጹሕ ጃኬቱን ለብሶ ቢሮዎ መጣ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ በጥሩ ትሕትና አስተናግዳዋለች፤ የተባባሉትን ራሱ ስለነገረኝ እንደወረደ አቀርባለሁ። «ይህንን ወረቀት አውርዱልኝ» አላት። «የተሰቀለ ነገር የሚወርደው በኮሚቴ ነው» አለችው። «እናትየዋ እኮ ሞታለች» አላት። ጸሐፊዎ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄዳ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ካነበበች በኋላ «እዚህ ላይ ግን ድናለች ነው የሚለው» አለችው። ከዚያ አዘነችለትና «ቅሬታ ካለዎት የሞት የምስክር ወረቀት አያይዘው ያመልክቱ፤ ኮሚቴው በሁለት ወር አንዴ ይቀመጣል» ብላ ቅጽ ሰጠችው። ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሲመሽ ቤቴ መጣ። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ በሩን የከፈትኩለት በፍርሃት ነበር። «ልጄ እናቷን እንዲህ አድርጋ ትጽፋታለች ብዬ አላሰብኩም። ያ ሰማያዊ ቀሚስ አለ እኮ፤ ሣጥን ውስጥ ነው» አለኝና ተቀመጠ። አልተጣላኝም። ቢጣላኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰባተኛውና የመጨረሻው፣ ስለ ጥሪዎ።

ጉዳዩን ሆድ ይፍጀው ብለን ልንተወው እንችል ነበር። አባትየውም የሞት የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ የኮሚቴውን ሁለት ወር ሊጠብቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ደግነትዎ አያልቅምና ባለፈው ቅዳሜ የጥሪ ደብዳቤ ላኩ። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማዎም አለበት። የተጻፈው ለእናትየዋ ነው። «ልጅዎ በእውነተኛ ገጠመኝ አጻጻፍ የአንደኝነት ተሸላሚ በመሆኗ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እናትና ልጅ ተያይዘው በአዳራሻችን እንዲገኙ፣ እናትም ከሕመማቸው ስላገገሙበት ሁኔታ ለታዳሚው የአምስት ደቂቃ ንግግር እንዲያደርጉ በአክብሮት እንጋብዛለን። በሰዓቱ አለመገኘት ሽልማቱን ያሰርዛል» ይላል።

አባትየው ያመጣልኝን ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የማረም አባዜ ስላለብኝ ስሕተት ፈለግሁበት፤ የፊደል ግድፈት የለውም። ሥርዓተ ነጥቡም ትክክል ነው። መግቢያ አለው፣ ዕለቱን ይናገራል፣ መጨረሻው ብሩህ ነው። በመመሪያዎ ብመዝነው ሃያ ከሃያ ነው። ያልቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ለተጻፈላት ሰው ማድረስ አልቻልኩም። አባትየው ጸሐፊዎ ፊት ቆሞ ሞታለች ካለ በኋላ የተላከ ደብዳቤ መሆኑን ሳስብ፣ መሥሪያ ቤትዎ ሰው ከሚነግረው ይልቅ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን እንደሚያምን ተረዳሁ። ይህም የሥራ ባህል ነውና አከብራለሁ።

እንግዲህ ልመናዬን ልድገም። እስከ ዓርብ ያንን ወረቀት ያውርዱት። ካላወረዱት እኛ እንመጣለን። አባትየው መካኒክ ነው፤ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ያሰሩት አራት ብሎኖች የመፍቻ ቁጥራቸው ስንት እንደሆነ ቅጹን በተቀበለ ቀን አይቷቸዋል። እኔ ደግሞ መስታወቱን ደግፌ እይዝለታለሁ። ዘበኛ ቢጠሩብን አንሸሽም፤ ኮሚቴ ቢሰበስቡብን እንቀርባለን። የሥራ አፈጻጸሜን በተመለከተ አይቸገሩ፤ ስድስት ከሃያ ብለው ይጻፉልኝ፤ ይገባኛል። ከሰኞ ጀምሮ ግን መመሪያዎ ከክፍሌ ወጥቷል። አሥራ አራቱ ገጾች ጀርባቸው ባዶ በመሆኑ ልጆቹ እንዲጽፉበት አከፋፍያቸዋለሁ፤ ለወረቀቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለወገብዎ ምቹ ወንበር፣ ለብዕርዎ የማይነጥፍ ቀለም፣ ለቤትዎ ደግሞ እንደ መመሪያዎ መጨረሻው የግድ ብሩህ የሆነ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ብዙም ዝቅ አላልኩም፤ ያለሁት ተማሪዬ እንደዚያ ዝቅ ብላ ከጠየቀችኝ ከፍታ ላይ ነው።

ለዚያች ልጅ «አስተካክይው» ያልኩት፣
የአራተኛ ክፍል «ለ» የቋንቋ መምህር።

ግልባጭ፣
ላነበበ ሁሉ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጥሪ ደብዳቤዎን ቅዳሜ ዕለት በር ከፍታ የተቀበለችው ከእነሱ ጋር የምትኖረው የልጆቹ አክስት ናት። ምን እንደሆነ ስላላወቀች ጮክ ብላ አነበበችው። የአምስት ዓመቷ ታናሽ እህት አጠገቧ ቆማ ነበር። አባቷ እናቷ እንደማትመጣ ስንት ወር ሙሉ ቀስ እያለ ነግሯት፣ በቅርቡ መጠየቅ ትታ ነበር። አሁን ግን በየማለዳው ተነሥታ «ዛሬ ዓርብ ነው?» ትላለች። አባቷ አቅፎ እንደገና ሊያስረዳት ሦስት ጊዜ ሞክሯል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ወረቀቱ ላይ አለ እኮ» ብላዋለች። ታላቅ እህቷም እናታችን ዳነች ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብላ ልትነግራት አልቻለችም። ዓርብ በሦስት ሰዓት ትንሿን ይዘናት እንመጣለን። እኛ አልተሳካልንምና እናቷ የት እንዳለች እርስዎ ይንገሯት።